«100% ኦርጋኒክ» የሚለውን ማን ነው ያረጋገጠው? (ማር፣ ለውዝ፣ እንቁላል፣ ቡና)

የሳቢያን እናት፦
ሰላም የድሬ ልጆች፣ ሙቀቱን እንዴት ቻላችሁት? አንድ ነገር ግራ ገብቶኝ ነው። ከዚራ ሰፈር አንድ ሱቅ ማር ልገዛ ገብቼ፣ ጠርሙሱ ላይ «100% ኦርጋኒክ፣ ንጹህ የተፈጥሮ» የሚል ወረቀት ተለጥፎበታል። አረንጓዴ ቅጠልም ተስሎበታል። ዋጋው ቀፊራ ገበያ ከምገዛው እጥፍ ነው። አጠገቡ የለውዝ ቅቤ አለ፣ እሱም ኦርጋኒክ። የሐበሻ እንቁላልም አለ፣ ካርቶን ላይ በእጅ ኦርጋኒክ ተብሎ ተጽፎበታል። ሻጩን «ምን ማለት ነው?» ስለው «ኬሚካል የለውም ማለት ነው እናቴ» አለኝ። «ማን አየው?» ስለው ሳቀ። ባለቤቴ ለልጆች አይሰሰትም፣ ዝም ብለሽ ግዢ ባይ ነው። እኔን ያስጨነቀኝ ብሩ አይደለም፣ የምከፍለው ለምን እንደሆነ ማወቅ ነው የፈለግኩት። የሚያውቅ ካለ ያስረዳኝ።

አቦ ድሬ፦
ኧረ አቦ! ኦርጋኒክ ማለት እጥፍ ዋጋ ማለት ነው፣ አለቀ። ወረቀቱ ሳይለጠፍበት በፊትም ያው ማር ነበር።

ሚኒሶታ ያለሁ የድሬ ልጅ፦
አቦ ድሬ ሳቅኩ 😂 ግን እዚህ እኔ ያለሁበት አገር ነገሩ ቀልድ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ቃሉ በሕግ የተያዘ ነው፣ ማንም ተነስቶ አይለጥፈውም። ሕጉ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1990 ነው፣ ደንቡ ሙሉ በሙሉ ሥራ ላይ የዋለው በ2002። ውሃና ጨው ሳይቆጠር ይዘቱ በሙሉ ኦርጋኒክ ከሆነ «100% ኦርጋኒክ» ይባላል። «ኦርጋኒክ» ብቻ ካለ ቢያንስ 95% ነው። «በኦርጋኒክ ግብዓት የተሠራ» የሚል ደግሞ ቢያንስ 70%፣ እሱ ላይ የአሜሪካ ግብርና መሥሪያ ቤትን ክብ ማኅተም መለጠፍ አይቻልም። ከዚያ በታች ከሆነ ቃሉን ከጀርባው የግብዓት ዝርዝር ውስጥ ብቻ ነው የምታገኚው። ስለዚህ ማሸጊያ ስታዪ የፊቱን ሥዕል ተዪና ገልብጠሽ ትንንሹን ጽሑፍ አንብቢ።

«ናቹራል» የሚለው ግን ሌላ ነው። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት መሥሪያ ቤት ለዚያ ቃል መደበኛ ፍቺ እንኳን አላወጣለትም። ስለዚህ «የተፈጥሮ» የሚል ጽሑፍ ካየሽ ምንም እንዳልተጻፈ ቁጠሪው።

አንድ ነገር ልጨምር። እህቴ ድሬ ሆና «ስትመጪ ለልጁ ኦርጋኒክ ብስኩት አምጪልኝ» ትለኛለች። ሻንጣዬ ግማሹ ብስኩት ነው። ኦርጋኒክ ስኳርም ስኳር ነው እኮ! ጥርስ ላይ ልዩነት የለውም።

የአፈር ተማሪ፦
ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ግብርና ነው የተማርኩት፣ ትንሽ ልርዘም ፍቀዱልኝ። እናቴ፣ ሻጩ ያለሽ «ኬሚካል የለውም» የሚለው ነገር ነው ሁሉንም ሰው የሚያሳስተው። ኦርጋኒክ የላቦራቶሪ ውጤት አይደለም። አንድ ሰው ማሩን መርምሮ «ንጹህ ነው» አለ ማለት አይደለም። የአመራረቱ ስም ነው። መሬቱ ላይ ዩሪያ አልተበተነም፣ ፋብሪካ የሠራው ፀረ-ተባይ አልተረጨም፣ ዘሩ ዘረ-መሉ የተለወጠ አይደለም፣ ይህን ሁሉ የሚያሳይ መዝገብ አለ፣ በዓመት ቢያንስ አንዴ መጥቶ መዝገቡንና ማሳውን የሚያይ ከገበሬውም ከነጋዴውም ውጭ የሆነ አካል አለ ማለት ነው። በአሜሪካ ደንብ መሬቱ ከክልክል ነገሮች 3 ዓመት መቆየት አለበት። በአውሮፓ ለዓመታዊ ሰብል 2 ዓመት፣ እንደ ቡና ላለ ቋሚ ተክል 3 ዓመት ነው።

መርጨትስ? በኦርጋኒክም ይረጫል! ድኝ ይፈቀዳል፣ መዳብ ያለባቸው የሻጋታ መከላከያዎች ይፈቀዳሉ፣ ከአበባ የሚወጣው ፓይሬትረም ይፈቀዳል። እነዚህም ኬሚካል ናቸው። ውሃም ኬሚካል ነው። መዳብ ሲበዛ አፈሩ ውስጥ ይከማቻል፣ ለዚህ ነው አውሮፓ ላይ ልክ የተበጀለት።

እኛ ጋ ሕግ የለም ማለት ደግሞ አይደለም። የኢትዮጵያ የኦርጋኒክ ግብርና ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 488/1998 አለ። ሕጉ ከወጣ ስንት ዘመኑ! የከዚራው ሱቅ ግን ስለ አዋጁ የሰማ አይመስለኝም። ማተሚያ ቤት ሄዶ አረንጓዴ ቅጠል አሳትሟል፣ በቃ።

የሳቢያን እናት፦
ተማሪው ተባረክ። ታዲያ ማሩ እንዴት ነው ኦርጋኒክ የሚሆነው? ንቧን ማን ይከተላታል?

የአፈር ተማሪ፦
ጥሩ ጥያቄ ነው። ንብ አጥር አታውቅም። የአውሮፓው ደንብ ቀፎው ካለበት ቦታ ዙሪያውን 3 ኪሎ ሜትር ድረስ ያለው አበባ በአብዛኛው የዱር ወይም ኦርጋኒክ ሰብል መሆን አለበት ይላል። አሁን ሐረር ዙሪያ 3 ኪሎ ሜትር ዞረሽ ጫት የሌለበት ቦታ ፈልጊ እስቲ። ጫት ደግሞ ይረጫል።

ማር ነጋዴ፦
ቆይ ቆይ፣ እኛም እያነበብናችሁ ነው። ማር እሸጣለሁ፣ ወረቀትም እለጥፋለሁ፣ የተባለው ሱቅ ግን የእኔ አይደለም። የእኔ ማር የሚመጣው ከግራዋ በኩል ከደጋው ነው። ገበሬዎቹ ማር የሚቆርጡበት አካባቢ ርጭት አይደርስበትም፣ ሄጄ አይቻለሁ። ሰርተፊኬት አውጣ ትሉኛላችሁ፣ ከውጭ የሚመጣ ተቆጣጣሪ የሚያስከፍለው በውጭ ምንዛሪ ነው። በዓመት በዓመቱ ይታደሳል። ድሬ ላይ ስንት ኪሎ ሸጬ ነው እሱን የምከፍለው? ደንበኛው ግን ገብቶ «ኦርጋኒክ ነው?» ይላል። አይደለም ካልኩት ወጥቶ ጎረቤቴ ጋ ይገዛል። ካልጻፍኩ አልሸጥም፣ ከጻፍኩ ሌባ ትሉኛላችሁ።

አቦ ድሬ፦
ሌባ ማንም አላለህም፣ አባ። ግን ያላስመረመርከውን «100%» ስትል ማን ቆጠረልህ? ሰማንያ ብትል እንኳን ትሁት ነው እንልህ ነበር 😂

ሚኒሶታ ያለሁ የድሬ ልጅ፦
ወንድሜ እውነቱን ለመናገር ችግርህ ይገባኛል። እዚህም የዓመት ሽያጩ ከ5000 ዶላር የማይበልጥ ትንሽ ገበሬ ሰርተፊኬት ሳያወጣ ኦርጋኒክ ብሎ እንዲሸጥ ይፈቀድለታል። ደንቡን ግን መከተል አለበት፣ ማኅተሙንም አይለጥፍም። እኔ አንተን ብሆን «ከግራዋ፣ በዚህ ወር የተቆረጠ፣ ስኳር ያልተቀላቀለበት» ብዬ እጽፍ ነበር። እሱን ብታነብ የሳቢያኗ እናት ራሷ ከአንተ ትገዛለች።

የሸዋ በሩ፦
እኔ ሐረር ነኝ፣ ዘግይቼ ገባሁ። ስኳር ስላላችሁ ነው። የማር ዋናው ጣጣ ርጭት ሳይሆን ቅይጥ ነው፣ «ኦርጋኒክ» የሚለው ወረቀት ደግሞ ብዙ ጊዜ ሰውን ከዚያ ያዘናጋል። በዚያ ላይ ማር ሲረጋ «ስኳር አለው» ብሎ የሚጥል ሰው አለ። ይህ ተረት ነው። ንጹህ ማርም ይረጋል፣ እንደ አበባው ዓይነት ግሉኮሱ ሲበዛ ይረጋል። ክብሪት ለኩሶ ማየት፣ ውሃ ላይ ጠብ ማድረግ፣ እነዚህም የሚያስተማምኑ አይደሉም። ጎበዝ ቀያጭ ሁሉንም ያልፋል።

እኔ ግን ልጆቻችሁን ካሰባችሁ ማሩን ትታችሁ ያንን የለውዝ ቅቤ እዩት እላለሁ።

የሳቢያን እናት፦
እንዴ፣ ለውዙ ምን ሆነ? ልጆቼ በየቀኑ በዳቦ ይበሉታል።

የሸዋ በሩ፦
አብሽሪ፣ ላስፈራራሽ አይደለም። የእኛ ሰፈር ለውዝ የባቢሌና የጉርሱም ነው፣ ጣዕሙን የሚያህል የለም። ገበሬው ለለውዝ ማሳ ብዙም መድኃኒት አይገዛም። እንግዲህ በወሬ ከሄድን ከማንም በላይ ኦርጋኒክ ነው። ግን ለውዝ ላይ አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ አለ። የሚያመርተው ሻጋታ ነው። ሰው አልረጨውም፣ ፋብሪካ አልሠራውም፣ «100% የተፈጥሮ» ነው! ጉበት ላይ የሚሠራ ነው፣ የዓለም የካንሰር ምርምር ድርጅት ካንሰር እንደሚያመጣ በተረጋገጠው የመጀመሪያ ምድብ ውስጥ ነው ያስቀመጠው። በምሥራቅ ሐረርጌ ለውዝ ላይ በተደረጉ ጥናቶችም ተገኝቷል።

ከየት ይመጣል ያልሽ እንደሆነ፣ ሰብሉ መጨረሻ ላይ ድርቅ ሲያገኘው ማሳ ላይ ይጀምራል። ተነቅሎ በደንብ ሳይደርቅ ጆንያ ውስጥ ሲገባ ይብሳል። ቅርፊቱ ቶሎ እንዲለቅ ውሃ አርከፍክፎ የሚፈለፍል አለ፣ እሱ ደግሞ ለሻጋታው ድግስ ነው። መቁላት ይቀንሰዋል እንጂ አያጠፋውም። ለውዙ እንዳለ ሆኖ ከገዛሽ የተጨማደደውን፣ የጠቆረውን፣ አረንጓዴ ዱቄት ያለበትን ለቅመሽ መጣል ትችያለሽ። አፍሽ ውስጥ የመረረሽን ትፊያለሽ። የተፈጨውን ግን ምን ትለቅሚለታለሽ? ነጋዴው የተበላሸውን የት ነው የሚያደርገው ብለሽ ካሰብሽ መልሱ ብዙ ጊዜ ወፍጮው ውስጥ ነው። ስለዚህ እኔ ቤት የለውዝ ቅቤ ከሱቅ አይገባም። እኛው ገዝተን፣ ለቅመን፣ ቆልተን ነው የምናስፈጨው።

የአፈር ተማሪ፦
የሸዋ በሩ ያለው ትክክል ነው። በነገራችን ላይ የተበከለ ፋጉሎ የበላች ላም በወተቷም ታሳልፈዋለች። ስለዚህ «የሐበሻ ላም ወተት» ብሎ ነገር ብቻውን ዋስትና አይሆንም፣ ምን በላች ነው ጥያቄው።

አቦ ድሬ፦
ወላሂ እናንተ ሰዎች ምንም አልተዋችሁልንም። እንቁላል ልበላ ነበር፣ እሱንም ጨርሱታ!

የአፈር ተማሪ፦
እሺ ልጨርሰው 😄 የሐበሻ ዶሮ ለምን ኦርጋኒክ ትባላለች? የፋብሪካ መኖ አትበላም ተብሎ ነው። እውነት ነው፣ ግን ከተማ ውስጥ የምትዞር ዶሮ ምን እንደምትለቅም አይታችኋል? ቦይ ውስጥ ነው ውሎዋ። በአውሮፓ ደንብ የኦርጋኒክ ዶሮ መኖዋ ራሱ ኦርጋኒክ መሆን አለበት፣ ውጭ ስትወጣም ለአንዷ ቢያንስ 4 ካሬ ሜትር ቦታ ይደረግላታል። የእኛዋ በቦታ ታልፋለች፣ በመኖ ትወድቃለች። አስኳሉ ቢጫ ስለሆነ ኦርጋኒክ ነው የሚለውም አያስኬድም። ቢጫው የሚመጣው ከቅጠልና ከበቆሎ ነው፣ የእርባታ ዶሮም በቆሎ ከበላች ታመጣዋለች። ጣዕሙን ከወደድሽው ለጣዕሙ ግዢው። እኔም ለጣዕሙ እገዛለሁ።

ጋሽ ለገሃር፦
ልጆች፣ ሽማግሌም ይናገር። ድሮ ከጅቡቲ በባቡር የሚመጣው የፈረንሳይ ዕቃ ላይ ምንም ሳይጻፍበት እንበላ ነበር። አሁን ልጄ የሚያመጣልኝ ሁሉ «ቢዮ» ይላል። እርጎውም ቢዮ፣ ብስኩቱም ቢዮ። ይሄ ያው ነው ወይስ ሌላ?

ሚኒሶታ ያለሁ የድሬ ልጅ፦
ጋሼ ያው ነው፣ ፈረንሳዮቹ ኦርጋኒክን «ቢዮ» ይሉታል። የአውሮፓውን ካገኙ አረንጓዴ መደብ ላይ ያለች ቅጠል ይፈልጉ፣ 12 ነጭ ኮከቦች ናቸው ቅጠሏን የሚሠሯት። ከሥሯ የአገር ምልክት፣ ከዚያ እንደ «ቢዮ» ያለ ቃል፣ ከዚያ የተቆጣጣሪው ቁጥር መኖር አለበት። ቅጠሏ ኖራ ቁጥሩ ከሌለ ይጠርጥሩ። ጥሬ ዕቃው አውሮፓ ውስጥ ይብቀል ከውጭ ይምጣም ይጻፋል።

የሳቢያን እናት፦
ፖም ላይ ያለችው ተለጣፊስ? ቁጥሯ በ9 ከጀመረ ኦርጋኒክ፣ በ8 ከጀመረ ዘረ-መሉ የተለወጠ ነው የሚል በቴሌግራም ደርሶኝ ነበር።

ሚኒሶታ ያለሁ የድሬ ልጅ፦
ግማሹ እውነት ነው። አምስት አኃዝ ሆኖ በ9 ከጀመረ ኦርጋኒክ ነው። የ8ቷ ግን ሱቅ ውስጥ ለዚያ ነገር ሥራ ላይ ውላ አታውቅም። ቁጥሮቹም ካሸር ዋጋ እንዲያወጣባቸው ነው የተሠሩት፣ ለቁጥጥር አይደለም።

የቡና ሰው፦
ስለ ቡና ማንም አልተነፈሰም፣ ሐረርጌ ተቀምጠን! ቡና ንግድ ውስጥ ነው የኖርኩት። የሐረር ቡና በውሃ አይታጠብም፣ ከነገለባው ፀሐይ ላይ ይደርቃል። አብዛኛው ገበሬ ፍግ እንጂ ዩሪያ ቡናው ላይ አይበትንም። ታዲያ ለምን ሁሉም ኦርጋኒክ ተብሎ አይሸጥም? መልሱ ሰንሰለቱ ነው። ኦርጋኒክ ለመባል ይህ ጆንያ ከየትኛው ገበሬ ማሳ እንደወጣ መታወቅ አለበት። እ.ኤ.አ. በ2008 የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ሲጀመር ቡና በአካባቢና በደረጃ እየተደባለቀ ይሸጥ ስለነበር ምንጩ ይጠፋ ነበር። በቀጥታ መላክ የቻሉት ማኅበራትና ዩኒየኖች ናቸው ሰርተፊኬቱን ይዘው የዘለቁት፣ ለምሳሌ የኦሮሚያ ቡና ገበሬዎች ዩኒየን። አሁን ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ የሚሠራው የአውሮፓ ሕግ አንድ የገበሬዎች ቡድን ከ2000 አባል መብለጥ የለበትም ይላል። ብዙ አባል ያለው ዩኒየን ተከፋፍሎ መደራጀት አለበት፣ ወጪው ይጨምራል።

ሁለተኛው ጣጣ ጫት ነው። ቡናና ጫት አንድ ማሳ ላይ ጎን ለጎን ናቸው። ጫቱ ላይ የተረጨው በነፋስ ወደ ቡናው ይሄዳል። ገበሬው ቡናውን ባይነካውም ተቆጣጣሪው አያሳልፈውም።

ሦስተኛው ደግሞ እ.ኤ.አ. የ2008ቱ የጃፓን ጉዳይ ያስተማረን ነው። ጃፓን ከእኛ በሄደ ቡና ላይ የፀረ-ተባይ ቅሪት አገኘሁ ብላ ገበያው ቀጥ አለ። ገበሬው ሳይሆን ጆንያው ተጠረጠረ። አያችሁ፣ ማሳው ንጹህ ሆኖ መጋዘንና ጆንያ ሊያበላሸው ይችላል። ስለዚህ ነው ቁጥጥሩ ከማሳ እስከ መርከብ የሚሆነው። እዚህ ሱቅ ውስጥ «ኦርጋኒክ ኤክስፖርት ሐረር» የሚል ቦርሳ ካያችሁ ደግሞ ሳቁ፣ የኤክስፖርት ቡና አገር ውስጥ መሸጥ ስንት ዘመን ክልክል ነበር።

አቦ ድሬ፦
ጫት ስላነሳህ። ጠዋት ኦርጋኒክ ማር ፍለጋ ከዚራን የሚዞር ሰው፣ ከሰዓት የአወዳይን ጫት ሳያጥብ ጉንጩ ውስጥ ይከታል። ትናንት ተረጭቶ ዛሬ ተቆርጦ ከሆነስ? ስም አልጠራም አቦ፣ ራሳችሁን ታውቃላችሁ።

የሸዋ በሩ፦
😂😂 ጎዳኸን። ግን እውነት ነው። ማጠብ ግድ ነው፣ ውስጥ የገባውን ባያወጣውም።

የሳቢያን እናት፦
እሺ፣ ገባኝ። አንድ ቀርቶኛል። እውነተኛው ሰርተፊኬት ያለው ለጤና ይሻላል ወይ? ለልጆቹ ማለቴ ነው።

የአፈር ተማሪ፦
እ.ኤ.አ. በ2012 የስታንፎርድ ሰዎች ብዙ ጥናቶችን ሰብስበው አይተው፣ በቫይታሚን ብዙ ልዩነት አላገኙም፣ የፀረ-ተባይ ቅሪት ግን ኦርጋኒኩ ላይ ያነሰ ነው አሉ። በ2014 የእንግሊዝ ቡድን ደግሞ ኦርጋኒኩ ላይ አንቲኦክሲደንት የበዛ፣ ካድሚየም ያነሰ ነው አለ። ስለዚህ ቅሪትን ይቀንሳል፣ ይህ እውነት ነው። ከዚያ በላይ የሚምል ሰው ከሳይንሱ ቀድሟል።

በእኔ አስተያየት እጥፍ ዋጋ ከፍሎ ግማሽ ጎመን ለልጅ ከመስጠት፣ ተራውን ጎመን በደንብ በሚፈስ ውሃ አጥቦ ሙሉውን መስጠት ይሻላል። ገንዘብ ካለሽና የተረጋገጠ ነገር ካገኘሽ ደግሞ በቆዳው የሚበላው ላይ አውጪው። ሙዝ ላይ አታባክኚው። ከሁሉም በላይ ግን የሐረማያን ድንችና ሰላጣ፣ የቲማቲሙን ገበሬ ማግኘት ከቻልሽ «መቼ ረጨህ?» ብለሽ ጠይቂ። እያንዳንዱ መድኃኒት ከተረጨ በኋላ ሳይለቀም የሚቆይበት ቀን ብልቃጡ ላይ ተጽፎበታል። ዋጋ ሲወደድ ያቺ ቀን ነው የምትዘለለው።

የቡና ሰው፦
እሷ ቀፊራ ቆማ ገበሬውን ከየት ታገኘዋለች? የምትሸጥላት ሴትዮ ራሷ ከሦስተኛ እጅ ነው የገዛችው።

የአፈር ተማሪ፦
ለዚህ ነው አንዳንድ አገር ገዢና ገበሬ ተስማምተው አብረው የሚቆጣጠሩበት አሠራር ያለው። ደንቡን አብረው ይጽፋሉ፣ እርስ በርስ ማሳ ይጎበኛሉ፣ ያጭበረበረ ይወጣል። እ.ኤ.አ. በ1972 የተመሠረተው አይፎም የሚባለው ዓለም አቀፍ የኦርጋኒክ ማኅበር ይደግፈዋል። ወደ አውሮፓ ለመላክ አያገለግልም፣ ድሬ ላይ ለመብላት ግን በቂ ነው። ውድ ተቆጣጣሪ አይፈልግም። የሚፈልገው የሚሄድ ሰው ነው።

ማር ነጋዴ፦
እኔ ግራዋ ስሄድ ሁለት ሰው መኪናዬ ውስጥ ይገባል። ቀፎውንም ገበሬውንም ያያል። የሚፈልግ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ። ወረቀቱን ግን ያሳተምኩት ስላላለቀ...

አቦ ድሬ፦
እኔ እሄዳለሁ። ነዳጅ ግን አልካፈልም። ወረቀትህንም አልለጥፍልህም።

የሳቢያን እናት፦
እኔም ባለቤቴን እልካለሁ፣ አይሰሰትም ያለው እሱ ነው። የሸዋ በሩ፣ ያንን ለውዝ ያለቅርፊት ነው ወይስ ከነቅርፊቱ የምትገዛው? ሐረር የት ጋ ነው?

የሸዋ በሩ፦
ከነቅርፊቱ። ሸዋ በር ገበያው ላይ በጣሳ የሚሸጡት አሉ። ከመግዛትሽ በፊት ጥቂት ፈልፍለሽ እያቸው፣ ካስከለከሉሽ ወደሚቀጥለዋ እለፊ።